መርፌው ሲወርድ ደስ አለኝ

ዳገቱን ስጀምር የሞተሩ ሙቀት መለኪያ መርፌ ከወትሮ ቦታው አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ነበር። አንድ ዓይኔን መንገዱ ላይ፣ ሌላውን መርፌው ላይ አድርጌ፣ ሙቀቱን ይቀንስልኛል ብዬ የመኪናዋን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፍቼ፣ ማርሽ ቀንሼ ቀስ እያልኩ ስወጣ፣ ከዳገቱ አጋማሽ ላይ መርፌው ድንገት ወረደ። ከመካከለኛው መስመርም በታች ሆነ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም አልረሳውም፤ ደስ አለኝ። ሞተሩ በረደ ብዬ በረጅሙ ተነፈስኩና ነዳጅ ጨመር አደረግኩ። ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ያህል እንደሄድኩ ከማሞቂያው የሚመጣው አየር ቀዘቀዘ፤ ቀጥሎም ከኮፈኑ ሥር የተቃጠለ ስኳር የሚመስል ጣፋጭ ሽታ መጣ። ዳር ይዤ ሞተሩን ሳጠፋ መርፌው አሁንም ዝቅ እንዳለ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናዋ ተጠግና መንገዷን ቀጥላለች። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ግን ብልሽቱ ሳይሆን ያ ደስታዬ ነው። የሙቀት ሴንሰሩ የተሠራው ሞተሩን በሚያበርደው ፈሳሽ፣ ኩላንት በሚባለው፣ ውስጥ ተነክሮ እንዲለካ ነው። ፈሳሹ ከሴንሰሩ በታች ሲወርድ በዙሪያው የሚቀረው አየርና እንፋሎት ነው፤ እነዚህ ደግሞ ሙቀትን እንደ ፈሳሽ አያስተላልፉም። ስለዚህ ብረቱ እየጋለ መርፌው ሊወርድ ይችላል። ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር የነፋውም በዚያው ምክንያት ነበር፤ በውስጡ የሚዘዋወር ትኩስ ፈሳሽ አልቀረም። እኔ እፎይ ያልኩባቸው እነዚያ ደቂቃዎች ሞተሩ ለከፋ ጉዳት የተጋለጠባቸው ደቂቃዎች ነበሩ። ነገሩን ወደ ኋላ ተመልሼ ስመረምረው ደግሞ፣ ያለ ምክንያት የተረጋጋሁት በዚያ ዳገት ላይ ብቻ እንዳልነበረ ተረዳሁ።

ዳነች ያልኩበት ወር

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ቀን ስምንት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነው። መኪናዋ በዚያን ጊዜ 340,000 ኪሎ ሜትር ተጉዛለች፤ ዕድሜዋም ከሃያ ዓመት አልፏል። ከራዲያተሩ ጎን ባለው የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ ላይ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን መጠን የሚያሳዩ ሁለት መስመሮች አሉ፤ በየሁለት ሳምንቱ ፈሳሹ ወደ ታችኛው መስመር ተጠግቶ አገኘው ነበር። ከመኪናዋ ሥር ወለሉ ደረቅ ነው። የጎማ ቱቦዎቹም ለዓይን ደህና ናቸው። «አሮጌ ሞተር ትንሽ ውሃ ይጠጣል» ሲባል ከብዙ ሰው ሰምቼ ስለነበር አምኜ ተቀበልኩ፤ ውሃ በጠርሙስ ይዞ መዞርና መሙላትም ልማዴ ሆነ።

ዛሬ ይህን አባባል አልቀበለውም። ሞተር ዘይት ሊያቃጥል ይችላል፤ ኩላንት ግን በዝግ መንገድ የሚዘዋወር ስለሆነ በሥራ ብዛት አያልቅም። ከጎደለ የሄደበት ቦታ አለ፤ ወይ ወደ ውጭ፣ ወይ ወደ ሲሊንደሩ፣ ወይ ወደ ዘይቱ። የወለሉ መድረቅም ማረጋገጫ አይሆንም፤ በጋለ ብረት ላይ ያረፈች ጠብታ መሬት ሳትደርስ ትተናለችና። እሷ ከተነነች በኋላ የሚቀረው ነጭ ወይም የኩላንቱን ቀለም የያዘ ስስ ቅርፊት ብቻ ነው። ያን ቅርፊት ለማየት ኮፈኑን መክፈት አይበቃም፤ ጎንበስ ብሎ፣ በባትሪ እያበሩ፣ እጅ በማይደርስበት ቦታ መፈለግን ይጠይቃል። እኔ በስምንት ወር ውስጥ አንድም ቀን ጎንበስ አላልኩም።

የምሞላው ተራ ውሃ መሆኑም የራሱ ጣጣ ነበረው። ከውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ የተደባለቀ ኩላንት ከዜሮ በታች እስከ 37 ዲግሪ ገደማ ድረስ በረዶ አይሆንም፤ ለአሮጌ ሞተር ግን ከዚህ የሚበልጠው ጥቅም በውስጡ ያሉት ዝገት ተከላካይ ኬሚካሎች ናቸው። እነዚህ ኬሚካሎች በጊዜ ብዛት ይደክማሉ፤ የድሮው ዓይነት ኩላንት በሁለት ዓመት ገደማ፣ ረጅም ዕድሜ አላቸው የሚባሉት ደግሞ በአምስት ዓመት ገደማ ይቀየሩ የሚባለው ለዚህ ነው። እኔ እነሱኑ በየሁለት ሳምንቱ በውሃ አቀጥናቸው ነበር። ተራ ውሃ የሚተወው የኖራ ዝቃጭና በውስጥ የሚፈጠረው የዝገት ብናኝ ከፈሳሹ ጋር እየዞረ፣ ፈሳሹን በሚያዘዋውረው ዋተር ፓምፕ ዘንግ ላይ ያለውን ማሸጊያ ቀስ በቀስ ይፈገፍጋል። መሙላቴን ለመኪናዋ እንደማደርግላት እንክብካቤ እቆጥረው ነበር፤ ለካ ቀዳዳውን ሳሰፋ ነበር የቆየሁት።

ከዳገቱ አንድ ወር በፊት ታዲያ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ። ማጠራቀሚያው መጉደሉን አቆመ። እንዲያውም ከላይኛው መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ አገኘሁትና አብዝቼ ሞልቼ ይሆናል አልኩ። ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ፈሳሹ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። «ራሷ ዳነች» ብዬ ለሰው እስከ መናገር ደረስኩ፤ ጠርሙሱንም ከመኪናው አወጣሁት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ በእኔ የሆነውም ይኸው ነበር።

ቴስታታው ይውረድ

መኪናዋ ተጎትታ የገባችበት ጋራዥ መካኒክ የሞተሩን ታሪክ ሲሰማ ብይኑን ለመስጠት አፍታም አልፈጀበትም። የቴስታታው፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ክፍል፣ ጋርኒሲዮን (ማሸጊያ) ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ይውረድ አለኝ። ሐሳቡ መሠረተ ቢስ አልነበረም። ከልክ በላይ የጋለ የአሉሚኒየም ቴስታታ ይጣመማል፤ በቴስታታውና በሞተሩ ብሎክ መካከል ያለው ጋርኒሲዮንም አብሮ ሊጎዳ ይችላል። ግን መካኒኩ የገመተው ከታሪኩ ተነሥቶ እንጂ ከምርመራ አልነበረም። ደግሞም ሞተሩ የጋለው ፈሳሹ ስለጎደለ ነው፤ ታዲያ ፈሳሹን ቀድሞ ያጎደለው ምንድን ነው? የጋርኒሲዮኑ መቃጠል መነሻው ይሁን ውጤቱ ሳይለይ ቴስታታው ቢወርድ፣ አዲስ ጋርኒሲዮን ያለው ሞተር ከወር በኋላ በዚያው ዳገት ላይ ተመልሶ ሊቆም ይችላል።

ለመስማማት ተቃርቤ ሳለሁ ነው ሥራቸውን የማከብረውን አንድ አረጋዊ መካኒክ ያማከርኩት። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ካዳመጡኝ በኋላ የመለሱልኝ አጭር ነበር። «ልጄ፣ ውሃው የሄደበትን ሳታውቅ ሞተር አይከፈትም። አንዴ ከተከፈተ ደግሞ ማስረጃው አብሮ ይፈርሳል» አሉኝ። ይህ አነጋገራቸው እስከ ዛሬ በአእምሮዬ አለ። ፍሳሽ የሚታየው ሥርዓቱ ተዘግቶ፣ ግፊት ይዞ፣ ሁሉም ነገር በቦታው ሳለ ነው፤ ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ የዘረጋው ሰው የተበላሸ ዕቃ ያገኝ ይሆናል እንጂ ፈሳሹ በየት በኩል ይሄድ እንደነበር አያይም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ቃል በቃል የሠራበት ጊዜ የለም።

ከዚያ በኋላ ጋርኒሲዮኑን በምርመራ አጣራነው። በመጀመሪያ የዘይት መለኪያው ዘንግ ወጣ፤ ዘይቱ ወተት የመሰለ መልክ አልነበረውም። (በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ የሚታይ ነጭ አረፋ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ አጭር አጭር ጉዞ በምታደርግ መኪና ላይ ግን ከአየር እርጥበት ብቻ ሊመጣ ስለሚችል ለብቻው ምስክር አይሆንም።) ቀጥሎ ካንዴላዎቹ ተፈቱ፤ ኩላንት የሚገባበት ሲሊንደር ብዙ ጊዜ በእንፋሎት የታጠበ ያህል ከሌሎቹ ተለይቶ ይጸዳል፣ የእኛዎቹ ግን አራቱም አንድ መልክ ነበራቸው። ከዚያም ጎድሎ የነበረው ራዲያተር ተሞልቶ ሞተሩ ተነሣና፣ በራዲያተሩ አፍ ላይ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት የመስታወት ቱቦ ተደረገ። ይህ ፈሳሽ ከሲሊንደር ያመለጠ የቃጠሎ ጋዝ ሲነካው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅኩ፤ ፈሳሹ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ቀዝቃዛ ሞተር በተነሣ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ ቢጠነክር እሱም ጥርጣሬን ያጠናክር ነበር፤ የእኛው ግን ለስላሳ ነበር። ቴስታታው ከነጋርኒሲዮኑ ከዚያ ዳገት ተርፏል። ዕድለኛ ነበርኩ እንጂ የሚገባኝ አልነበረም።

ክዳኑ

አረጋዊው መካኒክ ቀጥለው በእጃቸው ያገላበጡት የራዲያተሩን ክዳን ነው። ክዳን ብዬ አልፌው የኖርኩት ዕቃ በእርግጥ ሁለት ቫልቮች ናቸው። አንደኛው በላዩ የተጻፈው ግፊት፣ በእኔዋ 1.1 ባር፣ እስኪደርስ ድረስ ፈሳሹን አፍኖ ይይዛል፤ ሞተሩ ሲግል የሚሰፋውን ትርፍ ወደ ማጠራቀሚያው ያሳልፋል። ሁለተኛው ሞተሩ ሲበርድ ይከፈትና ያንኑ ፈሳሽ ከማጠራቀሚያው ወደ ራዲያተሩ ይመልሳል። ግፊቱ ያለ ምክንያት አልተደረገም፤ ግማሽ በግማሽ የሆነው ኩላንት በክፍት ዕቃ 107 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ በዚህ ክዳን ሲታፈን ግን ከ125 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። የጋለ ሞተርን ክዳን መክፈት ሰውን የሚያቃጥለውም ለዚህ ነው፤ ግፊቱ በተለቀቀ ቅጽበት ጸጥ ብሎ የነበረው ፈሳሽ በአንዴ ይፈላል። መንገድ ዳር በቆምኩበት ዕለት ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቄ፣ ቱቦውን በእጄ ጨብጬ መብረዱንና መላላቱን ሳላረጋግጥ ክዳኑን አለመንካቴ በዚያ ቀን በትክክል ያደረግኩት አንድ ነገር ነው።

የክዳኑ ጎማዎች ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል። ስለዚህ ሞተሩ ሲበርድ ከማጠራቀሚያው ፈሳሽ ከመሳብ ይልቅ በክዳኑ ጠርዝ አየር ይስብ ነበር። ራዲያተሩ አናቱ ላይ አየር ከያዘ በኋላ ደግሞ ሞተሩ ሲግል ወደ ማጠራቀሚያው የሚገፋው ያንኑ አየር ነው። አየር ይወጣል፣ አየር ይገባል፤ በማጠራቀሚያው ያለው ፈሳሽ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ራሷ ዳነች ያልኩበት ወር ይህ ነበር። እኔ በየቀኑ የማየው ዕቃ ሞልቶ ሳለ፣ የማላየው ራዲያተር በየቀኑ ይጎድል ነበር።

አዲስ ክዳን ተገዛ፣ ፈሳሹ በትክክል ተሞላ፤ ችግሩም ያለቀ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን በስምንት ወር ውስጥ ታይቶ የማያውቅ ነገር ወለሉ ላይ አየሁ፤ መዳፍ የምታህል እርጥብ ቦታ። የመጀመሪያ ስሜቴ ቁጣ ነበር። ጥገናው አባሰው፣ ክዳኑ የማይሆን ክዳን ነው ብዬ አሮጌውን ልመልስ አሰብኩ። ነገር ግን ሁለቱን ነገሮች አብሬ ሳስባቸው ቁጣዬ በረደ። አሮጌው ክዳን ግፊት ስለማይዝ ደካማው ቦታ ብዙም አይጨነቅም ነበር፤ አዲሱ የሚገባውን ግፊት ሲይዝ ያ ቦታ ራሱን አጋለጠ። በአሮጌ መኪና ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ አንዱን ስታጠነክር ቀጥሎ የደከመው ይናገራል። ፍሳሽ ዘጋቢ ዱቄት ጨምረህ ተገላገል ያለኝ ሰው ነበር፤ እምቢ አልኩ። ዱቄቱ የትኛውን ቀዳዳ እንደሚዘጋ መርጦ አይሄድምና፣ የማሞቂያውንና የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎችም ሊደፍናቸው ይችላል።

መስታወቱ ውስጥ ያየኋት ጠብታ

በማግስቱ ማለዳ፣ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ በርዶ ሳለ፣ በክዳኑ ቦታ ላይ መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕ ገጠምን። ክዳኑ ላይ ከተጻፈው ሳያልፍ እስከ 1.1 ባር ነፋሁና ቆምኩ። ሞተሩ አይሠራም፣ ቺንጋው አይዞርም፣ የሚነፍስ ማራገቢያ የለም። ያን ያህል ጊዜ አብሬያት ስኖር ሞተሯን እንዲህ ጸጥ ባለችበት ሰዓት ግፊት ይዛ አይቻት አላውቅም። አረጋዊው አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዝም አሉ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ መለኪያው ወደ 0.9 ወረደ፤ እኔ ግን የትም የረጠበ ነገር አላየሁም። ደጋግሜ ዞርኩ፣ ቱቦዎቹን ከነማሰሪያቸው ዳሰስኩ። «አትሩጥ፣ እሱ ራሱ ይመጣል» አሉኝ።

ረጅም እጀታ ያላት ትንሽ መስታወት ይዤ፣ በሌላ እጄ ባትሪ እያበራሁ ከዋተር ፓምፑ ሥር አስገባሁ። መጀመሪያ ያየሁት ቅርፊቱን ነው፤ ከፓምፑ ሆድ ተነሥቶ ወደ ብሎኩ ጎን የወረደ፣ ቀልጦ እንደ ረጋ ሻማ የመሰለ፣ ነጭ ሆኖ በጠርዙ ሮዝ ቀለም የያዘ መስመር። ዓይኔ የሄደው መስመሩ ወደሚያልቅበት ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ ላይ እንድመልሰው ነገሩኝ። ፈሳሽ በክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ የማራገቢያው ነፋስም ወደ ኋላ ይበትነዋል፤ ስለዚህ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ከሚታየው ምልክት በላይና ወደ ፊት ነው። መስታወቱን ሽቅብ ሳዞረው፣ ቺንጋው ከሚያዞረው ፑሊ ጀርባ የክብሪት እንጨት የምታህል ክብ ቀዳዳ ታየችኝ። በከንፈሯ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች።

ጠብታዋ ስታብጥ አየኋት። የባትሪው ብርሃን በውስጧ አለፈ፤ ከበደች፣ ረዘመች፣ ወደቀች። ቀጥላ ሌላ ጀመረች። ቆጠርኩ፤ በአርባ ሰከንድ ገደማ አንድ። በዚያች ቅጽበት መልሱን በማግኘቴ የተደሰትኩ ቢሆንም ዓይኔን የያዘው ሌላ ነገር ነበር። መኪናዋ የምትጠቀመው ኩላንት ደማቅ ሮዝ ነው። ይህች ጠብታ ግን ፈዝዛ ውሃ ልትመስል ምንም አልቀራትም። አዲሱ ክዳን ሲገጠም የጨመርነው ትክክለኛ ኩላንት ብሎኩ ውስጥ ከቀረው የእኔ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ይህን መልክ አወጣ። በስምንት ወር ያፈሰስኩት የጠርሙስ ውሃ ሁሉ በዚያች ጠብታ ቀለም ላይ ተጽፎ አየሁት።

ቀዳዳዋ ከዝገት የመጣች መስላኝ ነበር። «ይህን ፋብሪካው ነው የበሳው» አሉኝ። ከዋተር ፓምፑ ማሸጊያ ጀርባ ዘንጉን የሚሸከም ኩሽኔታ አለ። ማሸጊያው ሲደክም የሚያልፈው ፈሳሽ ኩሽኔታው ላይ ቢደርስ ቅባቱን አጥቦ ያበላሸዋል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል መውጫ ተደርጓል፤ ፈሳሹ ወደ ጥፋት ሳይሄድ ወደ ውጭ ወጥቶ እንዲታይ። ይህን ስሰማ ልቤ ተነካ። ዕቃውን የሠሩት ሰዎች አንድ ቀን እንደሚደክም አስቀድመው አውቀው፣ ሲደክም የሚናገርበት አፍ አበጅተውለታል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን በብረት ላይ ሠርተውታል ማለት ነው። የጎደለው ጎንበስ ብሎ የሚያይ ሰው ብቻ ነበር። ቺንጋውን አላልተን ፑሊውን በእጄ ወዲያና ወዲህ ስነቀንቀው ትንሽ ተንቀጫቀጨ፤ ኩሽኔታውም ወደዚያው እያመራ ነበር።

ፓምፑን ካገኘን በኋላም ሌሎቹን ቦታዎች ሳናይ አላለፍንም፤ አንድ ፍሳሽ መገኘቱ ሌላ አለመኖሩን አያሳይምና። የማሞቂያው ራዲያተር ሲያፈስ ከዳሽቦርዱ ሥር ምንጣፉ ይረጥባል፣ የፊት መስታወቱንም ቅባት የመሰለ ጉም ይሸፍነዋል፤ የእኛው ደረቅ ነበር። በብሎኩ ጎን ያሉት ክብ የብረት መክደኛዎች ከውስጥ እየዛጉ የሚበሱ ስለሆኑ እነሱንም በመስታወት አየናቸው። የጎማ ቱቦዎቹን ማሰሪያው አጠገብ ስንጫናቸው የታችኛው እንደ ሊጥ ልል ሆኖ ተገኘ፤ እሱ ተቀየረ። ወለሉ ላይ የሚንጠባጠብ ሁሉ ኩላንት እንዳልሆነም ልብ ይባል፤ ከአየር ማቀዝቀዣው የሚወርደው ውሃ ቀለምም ሽታም የለውም፣ በጣት ሲታሸም አያሟልጭም። በምላስ መቅመስ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ነው። ልጆችና እንስሳት በጣዕሙ ስለሚታለሉ ወለሉ ላይ የፈሰሰውን በብዙ ውሃ አጠብኩት፤ ከሞተሩ የተቀዳውንም ክዳን ባለው ዕቃ አሽጌ አስቀመጥኩት።

አዲስ ፓምፕ፣ አዲስ ቴርሞስታት (ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ፈሳሹን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፍ ቫልቭ)፣ አዲስ ቺንጋ ገባ። አሮጌው ፈሳሽ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ ውስጡ ንጹሕ ውሃ እስኪወጣ ድረስ ታጥቦ፣ በተጣራ ውሃ የተደባለቀ ኩላንት ተሞላ። የመኪናዋን አፍንጫ ከፍ አድርገን፣ ማሞቂያውን ሙቅ ላይ አድርገን፣ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ አረፋው እስኪያልቅ ጠበቅን፤ ውስጥ ተደብቆ የቀረ አየር ያን ያህል የተደከመበትን ሥራ መልሶ ያበላሻልና። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እሑድ ማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ማጠራቀሚያውን ብቻ ሳይሆን ክዳኑን ከፍቼ ራዲያተሩን ራሱን አያለሁ፤ የደረሰበትንም በትንሽ ደብተር ላይ ከቀኑ ጋር እጽፋለሁ። አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ ፈሳሹ እስከ አፉ ድረስ ነበር።

ባለፈው እሑድም ሙሉ ነበር። ነገር ግን መስታወቷን በራዲያተሩ ጎን፣ የፕላስቲኩ ጋን ከአሉሚኒየሙ ጋር በተገናኘበት መገጣጠሚያ ሳዞራት፣ የጥፍር ጫፍ የምታህል ሮዝ ቅርፊት አየሁ። ደረቅ ናት። በጨርቅ ጠርጌ አጸዳኋትና በዙሪያዋ በነጭ እርሳስ ክብ ሠራሁ፤ ቀኑንም ደብተሩ ላይ ጻፍኩ።